የቆረብንበት መፀው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የገበያ ቀን። ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ዋልኩ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ስንት ጊዜው... ለሰዉ ግን ዩኒፎርም ትዝ የሚለው አሁን ነው። "ለሰኞ አድርሺልኝ!" ሁሉም ለሰኞ። ሰኞ ስንት ናት?

ብርዱ ገብቷል። ፈንታው "በጥቅምት አንድ አጥንት" እያለ ያንጎራጉርብኛል። የጽጌን ጾም እንደያዝኩ እያወቀ! እሸት በቆሎ ጠብሼ አፉን አስያዝኩት።

የኢያቄም የፊት ጥርስ ወለቀ። ጣራ ላይ ወረወረው፤ ቆርቆሮው መለሰለት። ደግሞ ወረወረ፤ ደግሞ መለሰለት። በመጨረሻ እህቱ ንጋት ወርውራ አሳረፈችለት። አሁን ሲስቅ መሐሉ ክፍት ነው። እሱም ስለሚያውቀው ያለ ምክንያት ይስቃል።

ነገ እሑድ ነው። ልጆቹ ይቆርባሉ። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ቆሜ ጫማቸውን እጠብቃለሁ። ኢያቄም ባለፈው "እማዬ፣ አንቺ ለምን አትቀበዪም? ተቆጡሽ?" አለኝ። ምን ይባላል? እኔና አባቱ የተጋባነው በሽማግሌ ነው፤ በድንኳንና በድግስ። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ትዳራችንን ግን በቁርባን አላጸናንም። ያልጸና ደግሞ ቆሞ ያያል እንጂ አይቀበልም።

ማታ ለፈንታው አነሳሁለት።

"ዘንድሮስ እንቁረብ?"

"ሸምገል እንበል እንጂ ውቤ።"

"አርባ ሞላህ እኮ!"

"ለመቁረብ ገና ልጅ ነኝ።"

ንጋት ደብተሯ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ግን...

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

መምሬ ወንድምአገኝ መጥተው ጠበል ረጩልን። የንስሐ አባታችን ናቸው። ፈንታው ዛሬ ተራ ስላልደረሰው ሚኒባሱን አቁሞ ቤት ነበር። አጋጣሚውን መች ለቅቄ!

"አባቴ፣ እስኪ ይህን ሰው አንድ ነገር ይበሉልኝ።"

"ምን ሆነ?"

"መቁረብ ፈራ።"

ፈንታው አንገቱን አቀረቀረ። "አባቴ፣ የሹፌር አፍ ለቁርባን ይሆናል? ከዚህ ተነሥቼ ፍላቂት እስክደርስ ስንቱን ስሰድብ..."

መምሬ ሳቁ። "ለጻድቃን ብቻ የመጣ መሰለህ እንዴ ልጄ? ስድብህን ይዘህ ና። እኔ ዘንድ ጥለኸው ትሄዳለህ።"

"ጎማዋን አይቻት ልምጣ" ብሎ ወጣ። ጎማ! ቆማ የዋለች መኪና ጎማዋ ምን ይሆናል?

መምሬ ሲወጡ በር ላይ ቆም አሉና "አትነዝንዢው፤ ጸልዪ" አሉኝ። እሺ አልኩ። በልቤ ግን ሁለቱንም ላደርግ ነው...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ፈንታው ትናንት ፍላቂት ሄዶ አልተመለሰም። መንገድ ተዘግቷል አሉ። ስልኩ አይሠራም። ለልጆቹ "መኪናዋ ተበላሽታበት ነው" አልኳቸው። ኢያቄም አመነኝ። ንጋት ግን ትክ ብላ አየችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አልመጣም።

የአንዱን ተማሪ ሱሪ ሁለቱንም እግር ቀኝ አድርጌ ሰፋሁት። ነጅሚያ፣ ከሱቄ ጎን ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ ሱሪውን አንሥታ ገልበጥበጥ አደረገችና "ይሄ ልጅ ወዴት ሊሄድ ነው?" አለችኝ። ሳቅን። ሳቄ ሳያልቅ አለቀስኩ። እሷም ከእኔ ጋር። "አብሽሪ፣ አላህ በሰላም ያመጣዋል" እያለች ጀርባዬን ትዳብሳለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መጣ! መጣ!

እኩለ ቀን ላይ የክላክሱን ድምፅ ሰማሁ። መቀሴን እንደያዝኩ ሮጬ ወጣሁ። ከእግር እስከ ራሱ አቧራ። ተሳፋሪዎቹም ሁሉ ደህና ናቸው። ገሸና ላይ መኪና ውስጥ ነው አሉ የሰነበቱት፤ አንዲት እናት ለዘመድ የያዙትን ቆሎ ለሁሉም በእፍኝ እያደሉ።

ቤት ገብቶ እግሩን ሳስታጥበው...

"እንቁረብ" አለኝ።

"ምን አልክ?"

"እንቁረብ እኮ ነው የምልሽ።"

"ምን አገኘህ አንተ?"

"እዚያ መኪና ውስጥ ተኮራምቼ ሳስብ... ሰው ቤቱ ሲናፍቀው ወጡ ነው፣ አልጋው ነው። እኔን ምን እንደናፈቀኝ ታውቂያለሽ? ጭቅጭቅሽ። 'ጫማህን በር ላይ አውልቅ' የምትዪው። ያለሱ ቤት ቤት አይመስለኝም። ታዲያ ምን እጠብቃለሁ አልኩ።"

ንጋት እልል አለች። ኢያቄም ምን እንደሆነ ሳይገባው ጨፈረ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበልኩ ቀረሁ፤ ውሃው ወለሉን አራሰው።

የለመንኩት እኔ። የነዘነዝኩት እኔ። ታዲያ ምነው ደስታዬ ግማሽ ሆነ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ምን እንደሆንኩ ገባኝ መሰለኝ። እዚህ ማንም ስለማያየኝ እጽፈዋለሁ።

"እናቴ ቤት እሄዳለሁ" የምትል ቃል አለችኝ። ስንጣላ አወጣታለሁ። እናቴ ከአሸተን ማርያም በታች፣ ተራራው ላይ ነው የምትኖረው። አንዳንዴ የምር ሄጃለሁ። አንዳንዴ ዳገቱ ግማሽ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ቃሏ ብቻ ትበቃለች፤ ፈንታው ወዲያው ይለዝባል። በቁርባን የጸና ትዳር ደግሞ መፍቻ የለውም። ከቆረብን በኋላ እሄዳለሁ ብል ማን ይደነግጥልኛል? "ወዴት?" ቢለኝስ?

አሳቀኝም አሳፈረኝም። አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ብዬ ነው ከእግዚአብሔር ፊት የማፈገፍገው?

ለነጅሚያ ነገርኳት። ሜትሯን ጨርቁ ላይ እንደዘረጋች አፈጠጠችብኝ።

"እኛ ኒካሕ አንዴ ነው የምናስረው። እናንተ አሥራ አምስት ዓመት ትሞክሩና ነው እንዴ የምታገቡት?"

"ሙከራ አይደለም!"

"ታዲያ ምን አስፈራሽ?"

"በሩ ሲዘጋብኝ ታየኝ።"

"በር ሲዘጋ እኮ ብርድም አይገባም፣ አንቺ!"

እሷስ ቀለላት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ማርያም። ቤተ ማርያም ሄጄ ተሳለምኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። እመቤቴ ሆይ፣ የለመንኩሽን ሰጠሽኝ፤ አሁን ደግሞ ቆይ ልበልሽ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

እናቴ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አንድ የማላውቀው ሰውዬ ሱሪ ሊያሳጥር መጣና "እንኳን ደስ ያላችሁ! ለድግሱ ፈንታው ጠርቶኛል" አለኝ። የምን ድግስ? የቁርባናችሁ። ለካ ከላሊበላ መናኸሪያ እስከ ፍላቂት ያልተጠራ የለም። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎማ ለጣፊው...

ምሳ ሰዓት ቤት ጠበቅሁት።

"ቁርባን ነው ሰርግ?"

"ሰው አብሮን ደስ ይበለው ብዬ ነው።"

"ሳትጠይቀኝ?"

"ምን ይጠየቃል? የደስታ ነገር!"

"እኔ ጸጥ ብዬ መቁረብ ነው የፈለግሁት!"

"አንቺ ደግሞ! አልቆርብም ስል ትነዘንዢኛለሽ፤ እሺ ስል ደግሞ ፊትሽ ይጠቁራል!"

እውነቱን ነው። እውነት ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። ያቺን ቃል አወጣኋት።

"እናቴ ቤት እሄዳለሁ!"

"ሂጂ!"

ሂጂ! አንድም ቀን ሂጂ ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ መሄድ ግድ ሆነብኝ። ንጋት ነጠላዬን አቀበለችኝና "እራት እኔ እሠራለሁ፤ ቶሎ ነይ እሺ" አለችኝ። ልክ እኔ ወደ ሱቅ ስልካት እንደምላት።

ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁት። ንዴት ጉልበት ይሰጣል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

እናቴ ገለቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ጠዋት ማጭድ ሰጠችኝ።

"ደመናው አላማረኝም። ሐሙስ ደግሞ መድኃኔዓለም ነው፣ ማጭድ አይነሣም። ገብሱ እስከ ነገ መሰብሰብ አለበት።"

በቃ፤ አቀባበሏ ይሄ ነው።

መርፌ የለመደ እጅ ማጭድ ሲይዝ... እኩለ ቀን ሳይደርስ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ግን ደስ ይላል። ገብሱ ቢጫ ነው። ቁልቁል ላሊበላ ትታያለች፤ ጣራው ሁሉ ያብረቀርቃል። የእኛ ቤት የቱ ይሆን እያልኩ ስፈልግ እናቴ ያዘችኝ።

"የዛሬውስ በምንድን ነው?"

"በድግስ።"

"ድግስ ጠልተሽ ነው ዳገት የወጣሽው?"

"አይ እምዬ... ልንቆርብ ነው። ፈራሁ። ከቆረብን በኋላ ብንጣላ ወዴት እመጣለሁ?"

ማጭዷን እስክትጥል ሳቀች።

"እኔና አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቆረብን ሳምንት ሳይሞላን ተጣላን።"

"በምን?"

"በጥጃ። እሱ ይሸጥ አለ፣ እኔ አይሸጥም አልኩ።"

"ታዲያ ወዴት ሄድሽ?"

"ወዴት እሄዳለሁ? ጓሮ ሄጄ ጎመን ቀነጠስኩ። ስቀነጥስ ስቀነጥስ የጎረቤቱን ሁሉ ልጨርሰው! ቁጣዬ ከጎመኑ ቀድሞ አለቀ።"

"ጥጃውስ?"

"መች ተሸጠና!"

ከዚያ ትንሽ አጨደች። ሳታየኝ እንዲህ አለችኝ፦ "ይሄ ቤት ያንቺ ነው። ብትቆርቢም ባትቆርቢም በሩ አይዘጋብሽም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ተጣልተሽ ስትመጪ አንድም ቀን ጠግበሽ በልተሽ አታውቂም። ዓይንሽ ቁልቁለቱ ላይ ነው።"

ዓይኔ ያኔም ቁልቁለቱ ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ረፋዱ ላይ ብቅ አለ። እያለከለከ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ! መቆጣት አማረኝ፤ ግን የኢያቄምን ክፍት ሳቅ ሳይ ተውኩት።

"እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ?" ብሎ እናቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

"ደህና ነኝ ፈንታው። ማጭዱ እዚያ ነው።"

ውሃ እንኳ አልሰጠችውም! ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሱ የገበሬ ልጅ ነው፣ ማጨድ ያውቃል። ወገቡ ግን መሪ ላይ ተቀምጦ ረስቶታል። አሥሬ ቀና ይላል። ልጆቹ ከኋላችን ነዶ እያሰሩ ይከተላሉ። ንጋት ታስራለች፤ ኢያቄም ይፈታል ብል ይሻላል።

ፈንታው እያጨደ ጠጋ አለኝ።

"ተቀይመሻል?"

"'ሂጂ' አልከኝ።"

"አፌ ነው። ካፌ ሲወጣ እኔም ደንግጫለሁ። ቤቱ እኮ... ንጋት የሠራችው ወጥ ደግሞ፣ ቢነግሩሽ አታምኚም!"

"አባዬ፣ እሰማለሁ!" አለች ንጋት ከኋላ።

"ለምን ሰው ሁሉ ጠራህ ግን?"

ቆመ። ላቡን በክንዱ ጠረገ። ማጭዱን አገላብጦ አየው።

"ፈርቼ ነው።"

"ምን ፈርተህ?"

"ራሴን። ነገ ተነሥቼ ሐሳቤን ብለውጥስ አልኩ። ሰው ሁሉ ካወቀ ግን ወደ ኋላ ማለት አልችልም፤ ማፈሪያ እሆናለሁ። መመለሻ እንዳይኖረኝ ብዬ ነው።"

እኔም ቆምኩ። እኔ መመለሻ እንዳላጣ ስጨነቅ፣ እሱ መመለሻ እንዳይኖረው ሲጨነቅ... ሁለታችንም ያንን አንድ በር ስናይ ነው የከረምነው። "እናቴ ቤት እሄዳለሁ" የምትለዋን ቃሌን ማጣት እንደፈራሁ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

"ለእኔም አስፈሪ ነበረች" አለኝ። "ስትሄጂ ቤቱ ውስጥ ምን እንደምሆን አታውቂም። የምጫወት ነው የሚመስልሽ።"

እውነትም አላውቅም ነበር። አስቤው አላውቅም።

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"ምን እናደርጋለን? ሁለት ፈሪ ተያይዞ ይገባል።"

እናቴ ከላይ ሆና "ወሬውን ነው ገብሱን የምታጭዱት?" ብላ ጮኸችብን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። ደመናው አንድ ጠብታ ሳይጥል ሄደ። እናቴ ሰማዩን አየችና "ድሮም እንደማይዘንብ አውቄዋለሁ" አለች። መዳፌን አየሁት። ፈንታውም የራሱን አየ።

ራት ላይ ጠግቤ በላሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሁለታችንም ንስሐ ገባን። ተራ በተራ። ፈንታው ከመምሬ ዘንድ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም። እሱም አልጠየቀኝም። ስግደት ተሰጠን፤ የእሱ ከእኔ ይበዛል መሰለኝ። ጉልበቱን ሲያሸው አየዋለሁ።

እስክንቆርብ አልጋ ለይተናል። ፈንታው ከኢያቄም ጋር ይተኛል። ልጁ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ፦

"እማዬ፣ አባዬ ተቀጥቶ ነው?"

"አዎ" አለ ፈንታው ራሱ።

"ምን አጥፍተህ?"

"ብዙ።"

"እኔ ጋ ስትተኛ ግን አታንኮራፋ። ቅጣቱ የእኔ ሆነ!"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም። ጽጌ ተፈጸመ። ንጋት ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ዘመረች፤ ድምጿ ከመቼው እንዲህ ጎለመሰ? አንዲት ሴት "የማን ልጅ ናት?" ስትል ሰማሁ። ዞር ብዬ መናገር አምሮኝ ነበር። በትዕግሥት ቻልኩት። በኋላ ግን ተናገርኩ።

ፈንታው ሲደውል ዋለ። "ድግስ የለም ወንድሜ፤ ጸልዩልን ብቻ።" አንዱ "ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?" ብሎ ጮኸበት። "ለጸሎት ነው የጠራሁህ፤ አልሰማኸኝም" አለው። ገና ንስሐ ከመግባቱ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለአራታችንም ነጭ ልብስ ሰፋሁ። የራሴን መጨረሻ። ጠርዙ ተጣሞብኝ ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት። ነጅሚያ መጥታ አየችውና "የሙሽራ ነው" አለችኝ። "በዚህ ዕድሜ?" ስላት "ሙሽራ በዕድሜ ነው እንዴ?"

ከሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል። ደርሰንለታል።

ፈራሁ? አዎ። ግን ሌላ ዓይነት ነው። ልጆቼን ልወልድ ምጥ ሲጀምረኝ የተሰማኝ ዓይነት...

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቆረብን።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ገና ሳይነጋ ወጣን። ብርዱ! የቤተ ማርያም ድንጋይ ከባዶ እግር ሥር እንደ በረዶ ነው። ኢያቄም በእኔና በአባቱ መሐል ቆሞ አንዴ የእኔን እጅ፣ አንዴ የእሱን ይይዛል። ቅዳሴው ረጅም ነው፤ ለእኔ ግን አልረዘመብኝም። መምሬ በክርስትና ስማችን ጸለዩልን። ገብረ መድኅን። ወለተ ሩፋኤል። ሁለቱን ስሞች በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

ልጆቹ ቀደሙ። ከዚያ እኛ። ዛሬ ጫማችንን የጠበቀልን ሰው የለም።

ስንወጣ ፈንታው አፉን በነጠላው ሸፍኗል። እንባው ግን በላይ ይወርዳል። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ። አይ፣ አየሁት። ለምን እዋሻለሁ?

ቤት ስንደርስ ነጅሚያ ደጃፋችን ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። የመጣውን ሁሉ "ቆርበዋል፣ ዛሬ ከሰው ጋር አይናገሩም፣ ሰላምታችሁን እኔ እቀበላለሁ" እያለች ትመልሳለች። ለጸሎት የተጠሩት ሹፌሮች ሳይቀሩ መጥተው ነበር። አንዱ "ፈንታው ዝም ብሎ? ይህንንስ ላየው ይገባል" ብሎ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አይቶ ሄደ። ነጅሚያ ትኩስ ወተት በጆግ ትታልን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን ተደግፈን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ልጆቹ ውስጥ ናቸው። ፈንታው ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከትቷል። ጢሙ ውስጥ ሽበት አለ። ከመቼ ጀምሮ? አጠገቤ ሲያረጅ እንኳ አላየሁትም።

ፈንታው ስለ ተሳፋሪ የሚለው ነገር አለ። በር ላይ የሚቀመጥ ሰው መንገዱን ሙሉ መውረጃውን ሲያስብ ይሄዳል፤ አገሩን አያይም ይላል። እኔ ስንት ዓመት በር ላይ ተቀመጥኩ?

ዞር ብሎ አየኝ። ምን ሆንሽ እንደማለት ቅንድቡን አነሣ።

"ጠጋ በል" አልኩት።

ጠጋ አለልኝ። እኔም ገባ ብዬ ተቀመጥኩ።